በልምምድ የተሳካው በግጥሚያ ለምን ይጠፋል? የመረብ ኳስ አሠልጣኝነት ከእንቅስቃሴ ትምህርት ጥናቶች አንጻር

መግቢያ

በብዙ የትምህርት ቤት፣ የዩኒቨርሲቲና የክለብ ሜዳዎች የመረብ ኳስ ልምምድ አንድ የታወቀ መልክ አለው። ተጫዋቾች በአንድ ወይም በሁለት ሰልፍ ይቆማሉ፤ አሠልጣኙ በመረቡ አጠገብ ሆኖ ኳሱን በእጁ ይወረውራል፤ ተራው የደረሰው ተጫዋች በሁለት ክንዱ ተቀብሎ ይመልስና ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሄዳል። ሥርዓቱ ያማረ ነው፤ ኳሱም አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሠልጣኙ እጅ ይመለሳል። እነዚሁ ተጫዋቾች ግን በግጥሚያ ዕለት ከተቃራኒ ቡድን የሚላክ ሰርቪስ ሲገጥማቸው ኳሱ ከክንዳቸው ላይ እየተፈናጠረ ከሜዳ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ማብራሪያም እንዲሁ የተለመደ ነው፦ «የተለማመድነውን ረሱት»፣ «ፍርሃት ያዛቸው»፣ «ልባቸው እዚህ አልነበረም»።

የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ማብራሪያው በአብዛኛው ስሕተት ነው የሚል ነው። ተጫዋቾቹ የረሱት ነገር የለም፤ ግጥሚያው የጠየቃቸውን ነገር ቀድሞውንም አልተማሩትም። የተማሩት ከቅርብ ርቀት፣ ከሚያውቁት ሰው፣ በሚያውቁት ሰዓት የሚወረወርን ኳስ መመለስ ነው። ስለዚህ የአሠልጣኝ ውጤታማነት የሚለካው የልምምዱ መልክ በማማሩ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በጨዋታው ውስጥ የሚገጥመውን ዓይነት ውሳኔ በልምምድ ጊዜ ስንት ጊዜ እንደወሰነ በመቁጠር ሊሆን ይገባል። ኳስ፣ መረብና የልምምድ ሰዓት ጥቂት በሆኑበት የአገራችን ሁኔታ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የባከነን ሰዓት በተጨማሪ ሰዓት ማካካስ የሚችል ቡድን ጥቂት ነው።

የጨዋታው ባሕርይ

ለመረብ ኳስ ልዩ መልክ የሰጠው አንድ ሕግ ነው፦ ኳስ አይያዝም። የእግር ኳስ ተጫዋች ኳሱን አቁሞ፣ ቀና ብሎ አይቶ፣ ከዚያ ሊወስን ይችላል። የቅርጫት ኳስ ተጫዋችም ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ ለጥቂት ሰከንድ ማሰብ ይችላል። የመረብ ኳስ ተጫዋች ይህ ዕድል የለውም። ኳሱ ክንዱን ወይም ጣቱን በሚነካበት ቅጽበት ውሳኔው አስቀድሞ ተወስኖ መጠናቀቅ አለበት። እንግዲህ ክህሎቱ የሚጀምረው ከንክኪው በፊት ነው። ሰርቪስ የሚሰጠው ሰው ኳሱን ወደ ላይ እንዴት እንደጣለ፣ ትከሻው ወዴት እንደዞረ፣ ኳሱ እየሾረ ወይስ ሳይሾር እየተንሳፈፈ እንደሚመጣ ማንበብ የቅበላው አንድ ክፍል ነው። 260 እስከ 280 ግራም የምትመዝነው ኳስ ሳትሾር ስትላክ በአየር ላይ ትዋልላለች፤ ተቀባዩ እግሩን ለማስተካከል ያለው ጊዜም አንድ ሰከንድ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው።

አሠልጣኙ ከሦስት ሜትር ርቀት ከወገቡ ሥር የሚወረውራት ኳስ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱንም አትሰጥም። የተጫዋቹ ክንድ ተለማምዷል፤ ዓይኑና እግሩ ግን አልተለማመዱም። በዚህ ጸሐፊ እምነት በአገራችን የልምምድ ሜዳዎች ላይ ካሉት ችግሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ከኳስ እጥረቱም ይበልጣል።

የነጥብ አቆጣጠሩም ጉዳዩን አክብዶታል። ቀድሞ በአመዛኙ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቪስ የሚሰጠው ቡድን ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን እያንዳንዱ የኳስ ልውውጥ ለአንዱ ቡድን ነጥብ ያስገኛል። አንድ ዙር በ25 ነጥብ (አምስተኛው ዙር በ15) በሚያልቅበት ሥርዓት የተበላሸ ሰርቪስም ሆነ የተበላሸ ቅበላ ወዲያውኑ ለተቃራኒው ነጥብ ነው። በዚያው ዘመን ሊቤሮ የሚባለው፣ በኋለኛው ሜዳ ብቻ የሚሰለፍ የመከላከልና የቅበላ ተጫዋች በሕጉ የገባው የጨዋታው ሚዛን ወደ ማጥቃት በጣም አዘንብሎ ስለነበር ነው። ያም ሆኖ ዝቅተኛ ደረጃ ባላቸው ቡድኖች መካከል የሚደረግ ግጥሚያ አሁንም በአብዛኛው የሚወሰነው በሰርቪስና በቅበላ ነው። ቅበላው ካልተሳካ አመቻቹ (ሰተሩ) የሚያመቻቸው ኳስ የለም፤ አጥቂውም የሚመታው አያገኝም።

አፈጻጸምና ትምህርት አንድ አይደሉም

የእንቅስቃሴ ትምህርት ተመራማሪዎች በልምምድ ሰዓት የሚታይን አፈጻጸም ከዘላቂ ትምህርት ለይተው ያያሉ። ልዩነቱን ካሳዩት ጥናቶች በጣም የታወቀው ሺ እና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት ነው። ተሳታፊዎቹ ትንንሽ የእንጨት መከላከያዎችን በተወሰነ ቅደም ተከተል በፍጥነት በእጅ የመጣል ሦስት ዓይነት ተግባር ተሰጣቸው። አንደኛው ቡድን አንዱን ተግባር ጨርሶ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ ሁለተኛው ሦስቱን እያቀላቀለ ተለማመደ። በልምምዱ ወቅት ፈጣን የነበረው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄደው ቡድን ነው። ከአሥር ደቂቃና ከአሥር ቀን በኋላ በተደረገው ፈተና ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ በልምምድ ሲቸገሩ የታዩት የተሻለ አስታወሱ።

ይህ ግኝት ለአሠልጣኝ የማይመች ነው። ልምምዱ ሲያምር ትምህርቱ ሊያንስ፣ ልምምዱ ሲዘበራረቅ ትምህርቱ ሊበዛ ይችላል ማለት ነውና። በሜዳው ዳር ቆመው የሚመለከቱ የክለብ ኃላፊዎችም ሆኑ ወላጆች የሚፈርዱት በሚያዩት ነው፤ የሚያዩት ደግሞ አፈጻጸሙን ነው። አሠልጣኙ ሰልፉንና ውርወራውን የሚመርጠው ባለማወቅ ብቻ አይመስልም። ሰልፍ ያስከብራል፤ የተበታተነ ኳስ ያስወቅሳል።

ሆኖም ከቤተ ሙከራ የተገኘን ውጤት ሳይመረምሩ ወደ ሜዳ መገልበጥ አይገባም። ፍሬንች፣ ሪንክ እና ወርነር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሦስት የመረብ ኳስ ክህሎቶችን፣ ማለትም በክንድ ማቀበልን፣ በጣት ማመቻቸትንና ከላይ የሚመታ ሰርቪስን፣ በተለያየ የልምምድ አደረጃጀት ተምረው ነበር። በቡድኖቹ መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ጓዳኞሊ እና ሊ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት ሐሳብ ይረዳል። በእነርሱ አገላለጽ ለትምህርት የሚጠቅመው የክብደት መጠን በተግባሩና በተማሪው ደረጃ ይወሰናል። ለጀማሪ ከላይ የሚመታ ሰርቪስ በራሱ በቂ ፈተና ነው፤ በዚያ ላይ ሌላ ክህሎት ማቀላቀል ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ሦስት ዓመት የተጫወተች ተጫዋች ግን ያንኑ ውርወራ ሃምሳ ጊዜ ብትመልስ የምትማረው አዲስ ነገር የለም።

ስለዚህ ሰልፉ ጨርሶ ይቅር የሚል አቋም እዚህ አልተያዘም። ክንዶቿን አጋጥማ መዘርጋት ለማታውቅ ልጅ የተወረወረ ኳስ ተገቢ ነው፤ ሰርቪስ ብንልክባት የምትማረው መሸሽን ነው። ጥያቄው በዚህ ደረጃ ለስንት ጊዜ እንቆይ የሚለው ነው። በብዙ ቡድኖች ዘንድ ለጀማሪ የታሰበው ልምምድ የቡድኑ ቋሚ ልምምድ ሆኖ ይቀራል፤ ከጀማሪነት የወጣ ተጫዋች ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ያንኑ ሰልፍ ያገኛል።

ኳሱ ሦስት ብቻ ቢሆንስ?

«ይህ ሁሉ ኳስ ለሞላው ቡድን ነው» የሚለው ተቃውሞ በስሌት ሊመረመር ይገባዋል። አሥራ ሁለት ተጫዋቾችና ሃያ ደቂቃ አሉን እንበል። በሰልፍ ልምምድ አሠልጣኙ በየስድስት ሰከንዱ አንድ ኳስ ቢወረውር (ይህ ለሰልፉ ቸር የሆነ ግምት ነው) በሃያ ደቂቃ 200 ውርወራ ይሆናል። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ተጫዋች አሥራ ሰባት የማይሞላ ንክኪ ይደርሰዋል። ቀሪው ጊዜ ቆሞ መጠበቅ ነው።

አሁን ዘጠኝ ሜትር ስፋት ያለውን ሜዳ በቁመቱ ሦስት ሜትር ስፋት ባላቸው ሦስት መስመሮች እንክፈለው። በየመስመሩ አራት ተጫዋችና አንድ ኳስ ይኖራል፦ አንዱ ከመረቡ ማዶ ሰርቪስ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ይቀበላል፣ ሦስተኛው በመረቡ አጠገብ ያመቻቻል፣ አራተኛው የተመቻቸውን ኳስ ይዞ በመረቡ ሥር ለሰርቪስ ሰጪው ያንከባልላል። ኳሱ እየጠፋ የሚፈለግበት ጊዜ ስላለ ለአንድ ዑደት አሥራ አምስት ሰከንድ እንስጥ። በሃያ ደቂቃ በየመስመሩ 80 ዑደት ይደረጋል፤ በየአምስት ደቂቃው ቦታ ቢለዋወጡ እያንዳንዱ ተጫዋች 20 ሰርቪስ ይሰጣል፣ 20 ሰርቪስ ይቀበላል፣ 20 ጊዜ ያመቻቻል። ቅበላው ብቻውን ከሰልፉ አሥራ ሰባት በላይ ነው፤ ከዚያም በላይ የተቀበለው ከመረብ ማዶ የመጣ እውነተኛ ሰርቪስ እንጂ ውርወራ አይደለም። ሰርቪስ ሰጪው ከዘጠኝ ሜትር መላክ ካቃተው ከስድስት ሜትር ይላክ። መረብ ከሌለ በሁለት እንጨት መካከል የተወጠረ ገመድ ለዚህ ልምምድ ይበቃል፤ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር የሆነውን የአዋቂዎች ቁመትም ለታዳጊዎች ዝቅ ማድረግ ነውር የለውም።

ልብ ሊባል የሚገባው በሁለተኛው አደረጃጀት አሠልጣኙ እጁ ባዶ መሆኑ ነው። የኳስ ወርዋሪነት ሥራው ቀርቶለታል፤ ስለዚህ ማየት ይችላል። በሰልፉ ላይ በየስድስት ሰከንዱ የሚወረውር ሰው የተጫዋቹን እግር ሊያይ አይችልም፤ ዓይኑ በሚመለስለት ኳስ ላይ ነው።

ሌላው አማራጭ ሦስት ለሦስት በጠበበ ሜዳ መጫወት ነው። ልውውጡ ሁልጊዜ በሰርቪስ ይጀምር፤ ነጥብ የሚቆጠረውም በሦስት ንክኪ ለተሻገረ ኳስ ብቻ ይሁን። እንዲህ ሲሆን በአንድ ንክኪ ወደ ማዶ የመወርወር ልማድ ያለ ብዙ ንግግር ይቀንሳል።

የአሠልጣኙ አንደበት

ታርፕ እና ጋሊሞር የተባሉ ሁለት የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974/75 የውድድር ዘመን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስን የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ጆን ዉደንን በልምምድ ላይ እየተከታተሉ ንግግሩን መዝግበው ነበር። ግማሽ ያህሉ ንግግር ምን እና እንዴት እንደሚደረግ የሚነግር ቀጥተኛ መመሪያ ነበር። ሙገሳውም ሆነ ቁጣው እያንዳንዱ ከመቶ አሥር እንኳ አልደረሰም። ስፖርቱ ሌላ ቢሆንም ጥያቄው ለእኛም ይሠራል፦ በሜዳችን ላይ ከሚሰማው ድምፅ ምን ያህሉ መረጃ ይዟል? «ንቃ!»፣ «አተኩሪ!»፣ «ምን ሆናችኋል?» የሚሉት ቃላት ተጫዋቹ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግሩም። «ሰርቪሱ ሲመታ እግርህ ቆሞ ይጠብቅ» የሚለው ግን ይነግራል።

የቃሉ አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። ዉልፍ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት የመረብ ኳስ ሰርቪስ የሚማሩ ሰዎች በሁለት ዓይነት ግብረ መልስ ተመርተው ነበር። ለአንዱ ወገን የሚነገረው ስለ ገላው እንቅስቃሴ፣ ለሌላው ስለ እንቅስቃሴው ውጤት ነበር። በጀማሪዎቹም ሆነ ልምድ ባላቸው ዘንድ ዒላማን በመምታት የተሻሉት ትኩረታቸው ወደ ውጤቱ የተመራው ናቸው። በአማርኛ ስናስበው «የእጅ አንጓሽን አጠንክሪ» በማለት ፈንታ «ኳሱን ከመሃሉ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ወደ ጥጉ ምቺ» ማለት ነው። «ክንድህን አስተካክል» ከማለትም «ኳሱን አመቻቹ ግንባር በላይ አድርስለት» ማለት ይሻላል።

የንግግሩ ብዛትስ? ዊንስታይን እና ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳዩት በእያንዳንዱ ሙከራ ላይ ግብረ መልስ ያገኙ ሰዎች በግማሹ ሙከራ ላይ ብቻ ካገኙት ይልቅ ከጊዜ በኋላ በተደረገ ፈተና አንሰው ተገኙ። ዘወትር የሚነገረው ሰው የራሱን ስሕተት ራሱ መለየት አይለምድም የሚል ትርጓሜ ተሰጥቶታል። በመረብ ኳስ ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ዙር ለቡድኑ የሚፈቀደው ሁለት ዕረፍት፣ እያንዳንዱም ሠላሳ ሰከንድ ነው። በቀረው ጊዜ ተጫዋቹ ብቻውን ነው። በሠላሳ ሰከንድም አምስት ነገር መናገር አንድም አለመናገር ነው።

የብርታት ልምምድና የሁለት ተቀባዮች ምርጫ

በዚህ ርእስ ላይ ሲወያዩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የጃፓን ምሳሌ ነው። መረብ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካተተበት በ1964ቱ የቶኪዮ ውድድር የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው የጃፓን የሴቶች ቡድን አብዛኞቹ ተጫዋቾች የአንድ የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ ሠራተኞች ነበሩ። አሠልጣኛቸው ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ከሥራ ሰዓት በኋላ እስከ ሌሊት በሚዘልቅ እጅግ ከባድ ልምምድ ይታወቃል። ከዚህ በመነሳት «ድግግሞሽና ጭካኔ ያሸንፋል» የሚሉ አሉ። ምሳሌውን በጥሞና ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የቡድኑ መለያ የነበረው ተወርውሮ ኳስ አንስቶ፣ ተንከባሎ ወዲያው መቆም፣ በጨዋታው ውስጥ ለታየ አንድ ችግር የተፈለሰፈ መልስ ነበር። ድግግሞሹ ባዶ አልነበረም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት የሚለማመድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን የዳይማትሱን ቁጣ እንጂ የዳይማትሱን ሰዓት ሊወርስ አይችልም፤ ቁጣው ብቻውን ሲወረስ ደግሞ የሚቀረው የሚታወቅ ነው።

በ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው የአሜሪካ የወንዶች ቡድን በተቃራኒው መንገድ ይጠቀሳል። አሠልጣኙ ዳግ ቢል የቅበላውን ሥራ በዋናነት ለሁለት ሰዎች፣ ለካርች ኪራሊ እና ለአልዲስ በርዚንስ ሰጠ፤ ሌሎቹ ለማጥቃት ነጻ ሆኑ። ሁሉም ሁሉን ይቻል ከማለት ይልቅ የተሻሉት ብዙውን ይሸፍኑ የሚል ውሳኔ ነው። ለግጥሚያ ጥሩ መፍትሔ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሁለት ብቻ አስተማማኝ ተቀባይ ያሉት ቡድን ዛሬም ሊጠቀምበት ይችላል።

ከዚህ ላይ ግን አሠልጣኙ ሊሸሸው የማይችለው ግጭት ይነሳል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጆችን የያዘ አሠልጣኝ የነገውን ግጥሚያ ለማሸነፍ ቅበላውን ለሁለት ልጆች ቢሰጥ የቀሩት አሥሩ ቅበላን የሚማሩበት ቦታ አይኖርም። ረጅሟ ልጅ በመረብ አጠገብ ለብሎክ ብቻ፣ አጭሯ በኋላ ለመከላከል ብቻ ይመደባሉ፤ የሁለቱም ቁመት ግን ገና አልተወሰነም። የዚህ ጸሐፊ አቋም በታዳጊ ደረጃ ሁሉም ይቀበል የሚል ነው፤ ጥቂት ግጥሚያ መሸነፍ ቢያስከትልም። ይህን አቋም መያዝ የሚችለው ግን በውጤት ሰንጠረዥ ብቻ የማይገመገም አሠልጣኝ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ አሠልጣኙን ከቀጠረው አካል ጋርም የተያያዘ ነው።

ትምህርቱ የሚለካበት ሰዓት

ለቅበላ መመዝገቢያ በአሠልጣኞች ዘንድ የተለመደው ከ0 እስከ 3 ያለው መለኪያ ነው። አመቻቹ ለየትኛውም አጥቂ መስጠት የሚያስችለው ቅበላ 3፣ ምርጫውን የሚያጠብ 2፣ ኳሱን በሕይወት ብቻ የሚያቆይ 1፣ ነጥብ የሚያሳጣ 0 ይሰጠዋል። አንድ ደብተርና አንድ መዝጋቢ ይበቃል፤ የተጎዳ ተጫዋችም ሊመዘግብ ይችላል። ሚዛኑ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው በሰዓቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተጫዋቹ የሚገመገመው በልምምዱ መጨረሻ ላይ፣ ያንኑ ነገር አርባ ጊዜ ከደጋገመ በኋላ ነው። ያ ቁጥር አፈጻጸምን እንጂ ትምህርትን አይለካም።

የተሻለው ሰዓት የሚቀጥለው ልምምድ መጀመሪያ ነው። ተጫዋቾቹ ሰውነታቸውን ካሟሟቁ በኋላ፣ ሌላ ምንም የቅበላ ልምምድ ሳይደረግ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ሰርቪስ ይላክለት፤ ወዴትና እንዴት እንደሚመጣ አይነገረው፤ አሠልጣኙም በዚያ ጊዜ ምንም አይናገር። የአሥሩ ድምር በደብተሩ ላይ ከባለፈው ሳምንት ድምር አጠገብ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዓምድ ደግሞ ያው ተጫዋች በግጥሚያ ላይ ከተቀበላቸው የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰርቪሶች ያገኘው ይቀመጥ። ሁለቱ ዓምዶች በጣም ከተራራቁ መመርመር የሚገባው በቅድሚያ የልምምዱ ዓይነት ነው፤ የልጁ ልብ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።